እትዬ ጃንጥላና ሰባተኛው ዙር

የእትዬ ጃንጥላ ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ግን የደመወዝ ክፍሉና የገዛ ባላቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የአውቶቡስ ድርጅቱ የጠፋ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ኃላፊ ስላልኩ ከሥራቸው ሰው ተሰልፎ የሚታዘዝላቸው እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ክፍል አለቃዋም እሳቸው፣ ተላላኪዋም እሳቸው፣ መጥረጊያ የምታነሳዋም እሳቸው ናቸው። ሰው አውቶቡስ ላይ ረስቶት የሚወርደውን ሁሉ የጽዳት ሠራተኞቹ ለቅመው በመስኮቱ ያቀብሏቸዋል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ጃንጥላ ነው። ጥቁር ጃንጥላ፣ አበባ ያለበት ጃንጥላ፣ ሽቦው ተሰባብሮ ባለቤቱ እያወቀ ጥሎት የሄደ ጃንጥላ። ስሙ ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ሲሰሙት ከፋቸው፣ ኋላ ለመዱት፣ አሁን ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው "አቤት፣ ጃንጥላ ነኝ" ይላሉ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ በክር የታሰረች ቁራጭ ካርቶን አለች፤ ካርቶኗ ላይ ቀኑ፣ የአውቶቡሱ ቁጥርና የመቀመጫው ረድፍ ተጽፏል። ደንቡ ዘጠና ቀን ነው። በዘጠና ቀን ውስጥ ባለቤቱ ካልመጣ ዕቃው ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። "የኔ ጃንጥላ ጥቁር ነው" ብሎ የሚመጣውን ሁሉ "ጥቁር ያልሆነ የማን ነው?" ብለው ይመልሱታል፤ እጀታው ላይ ምን እንዳለ የነገራቸው ግን ይዞ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ መስኮት ተቀምጠው የሚዋሽን ሰው ከድምፁ ይለዩታል። አንድ ሰውዬማ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ፍለጋ መጥቶ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሲያጉተመትም፣ ምንም ሳይጠይቁ ሄደው ጥርሱን አመጡለት። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

አንድ አመል አለባቸው። ከሰው እጅ ነገር በባዶ መቀበል አይችሉም። ጎረቤት መሰላል ቢያውሳቸው መሰላሉ የሚመለሰው የሎሚ ከረጢት ተንጠልጥሎበት ነው። ዓይናቸውን ያከመቻቸው ሐኪም ሹራብ ደርሷታል። ባልደረባ አንድ ሰዓት ቢሸፍንላቸው ሁለት ሰዓት ካልሸፈኑለት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ልጃቸው፣ "እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አመስግነሽ ዝም ብትዪ ምን አለበት?" ትላቸዋለች። "ያሳክከኛል" ይላሉ። ደግነት ነው ካላችሁ ደግነት ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ኩራትም አለበት እላለሁ። የሰው ውለታ ላያቸው ላይ እንዲያድር አይፈልጉም።

ወደ ካርዱ ነገር የገቡትም በዚሁ መስኮት በኩል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አንዲት ሳጥን መጣች፤ የሳሙና ያህል ናት፣ የተገኘችው ከኋላ መቀመጫ ሥር። ሲከፍቷት ስልሳ ካርዶች፣ እያንዳንዳቸው ላስቲክ የለበሱ። ቁማር መስሏቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ኋላ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ሲያዩት የወንዝ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ በደቃቁ፣ "ይህ ካርድ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ተጋጣሚህ በአንድ ተራ ከአንድ ጊዜ በላይ ማጥቃት አይችልም" ይላል። ሌላውን አነሱ። እሱም የራሱ ደንብ አለው። ወይ ጉድ! ስልሳ ካርድ፣ ስልሳ ደንብ፣ አንዱ ደንብ ሌላውን ሲሽር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሻሪውን ሲሽር። እትዬ ጃንጥላ ደግሞ ደንብ ይወዳሉ፤ ሌላው ሰው ጣፋጭ እንደሚወደው ነው የሚወዱት። ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ሲያነቡ ዘጠናው ቀን አለቀ። የመጣ ሰው የለም።

የሳጥኗ ክዳን ላይ የአንድ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ማኅተም ነበረበት። እንዲሁ ለሰው መስጠቱ አልሆንላቸው ብሎ ወደ መደብሩ ይዘዋት ሄዱ። ባለቤቷ አሳንሰር የሚጠግን ወጣት ሆኖ ተገኘ፤ ሳጥኗን ሲያይ እንባው ቀረረ። ሦስት ወር ሙሉ ያልፈለገበት ቦታ የለም፤ ከአንድ ቦታ በቀር። "የጠፋ ዕቃ ክፍል የሚባል መኖሩን አላውቅም ነበር እኮ!" አለ። እትዬ ጃንጥላ በዚህ ተናደዱ፤ ከመስኮታቸው በላይ በር የሚያህል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ልጁ ምን ላድርግልዎ አላቸው፤ ምንም አሉት። እንግዲያው ጨዋታውን ላስተምርዎ አለ፤ ይህንን እሺ አሉ። ስላስተማራቸው እሳቸው ደግሞ ምሳ ጠሩት። ምሳው ላይ ልጃቸውን አየ። የቀረውን እናንተው ጨርሱት። ጡረታ የወጡት ሾፌር ባላቸው እስከ ዛሬ፣ "ሚስቴ ሳጥን መልሳ ልጄን አስወሰደችኝ" እያሉ ይቀልዳሉ። አሁን ሁለት የልጅ ልጆች አሉ፤ ቤት የሚያፈርሱ።

ውድድሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመደብሩ የኋላ ክፍል ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በአንዱ ጥግ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በሌላው ጥግ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የደብተር ካርቶን። ተማሪው፣ የባንክ ጥበቃው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሁሉም ስልሳ ካርዱን ይዞ ይመጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ዙሩን ወሰደ ማለት ነው። እትዬ ጃንጥላ መጀመሪያ ቀን ሲገቡ ወጣቶቹ ልጃቸውን ሊጠሩ የመጡ እናት መስለዋቸው በአክብሮት ወንበር ለቀቁላቸው። ኋላ ደግሞ ተሸንፈው ለቀቁላቸው። አጨዋወታቸው እንደ ሥራቸው ነው፤ ይጠብቃሉ። ወንዙን፣ ግንቡን፣ ጭጋጉን ፊታቸው ደርድረው ቁጭ ነው። ተጋጣሚያቸው ያለውን ሁሉ ወርውሮ ሲጨርስ እሳቸው ገና መጀመራቸው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ በየሳምንቱ ይታያል።

በዓመት አንዴ ታዲያ ማጣሪያ አለ። ሰባት ዙር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች ለአገር አቀፉ ውድድር ያልፋሉ። እትዬ ጃንጥላ ስምንት ጊዜ ሞክረው ስምንት ጊዜ ቀርተዋል። አንድ ዓመትማ ዘጠነኛ ወጡ፤ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላቸው። "ለአንድ ካርድ ጨዋታ እንዲህ ይሆናል እንዴ?" ያሏቸው አልጠፉም። ለልጃቸው ብቻ ነው መልሱን የነገሯት። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ስጠብቅ ኖርኩ" አሏት። "የሰው ጃንጥላ፣ የሰው ቦርሳ፣ የሰው ጥርስ። አንድ የራሴ የምለው ነገር ቢኖረኝ ምን አለበት? የአገር አቀፉ ውድድር አዳራሽ ውስጥ ገብቼ አንዴ ስሜ ሲጠራ ብሰማ እኮ ይበቃኛል። ጃንጥላ አይደለም፣ ስሜ!" ልጃቸው ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልዳ አታውቅም።

ዘንድሮ ዘጠነኛቸው ነው። ጠዋት ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ዳኛዋ ተነስታ ደንቡን አነበበች። ይህቺ ዳኛ በአዘቦት ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ ስትቀጣም ስታባብልም አንድ ነው። ካነበበቻቸው ውስጥ ሁለቱን እነግራችኋለሁ፤ ያለ እነሱ የመጣው ነገር አይገባም።

አንደኛው ስለ መልቀቅ ነው። በመጨረሻው ዙር ላይ አንዱ የማለፍ ተስፋው ያለቀ፣ ሌላው ደግሞ ገና ተስፋ ያለው ከሆነ፣ ተስፋ የሌለው "ለቅቄልሃለሁ" ይላል፤ የውጤቱን ወረቀት ይሞላሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይጨባበጣሉ። የቆየ ልማድ ነው፣ ነውርም የለበትም። ግን በነፃ መሆን አለበት። ለመልቀቁ በምትኩ ገንዘብ ቢሆን፣ ካርድ ቢሆን፣ አንድ ስኒ ሻይ እንኳ ቢሆን የሰጠም፣ እሰጣለሁ ያለም፣ እሺ ብሎ የተቀበለም ጉቦኛ ነው፤ ሁለቱም ከውድድሩ ይባረራሉ። ሁለተኛው ደንብ፣ ዳኛ ጠይቆት የዋሸ ሰው ለአንድ ዓመት የትም አይጫወትም፤ ስሙም በየመደብሩ ይለጠፋል። ይኼ በጸጉር አስተካካዩ ደርሷል። ጭኑ ላይ ስለተገኘች አንዲት ካርድ ዋሽቶ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ አየ። ግባና ተቀምጠህ እይ ሲሉት እንኳ አልገባም።

ይህንን ሁሉም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ያህል ነው። ዳኛዋ ስታነብ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ካርዱን ይቆጥራል። እትዬ ጃንጥላ ብቻ ናቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚያዳምጡት። እና ጉዱ የመጣው በማን ሆነና!

ስድስት ዙር አለፈ። አራት አሸነፉ፣ በአንዱ አቻ ወጡ፣ በአንዱ ተሸነፉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ድልድል ሲታይ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰባተኛውን ካሸነፉ ስምንተኛ ሆነው ያልፋሉ፤ ካላሸነፉ የሉበትም። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ የተጋጣሚያቸውን ስም ፈለጉ። አማቻቸው ነው፤ ያ አሳንሰር ጠጋኙ። እሱ ሁለቴ ተሸንፏል፤ ይህን ዙር ቢያሸንፍ እንኳ ከአሥረኛ አያልፍም።

ክፍሉ በሙሉ ገባው። የባንክ ጥበቃው ከጀርባቸው ሲያልፍ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ "እንኳን ደስ ያለዎ!" አላቸው። እሳቸው ቶሎ ብለው ተቀመጡ።

አማችየው መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለ። የውጤቱ ወረቀትና እስክሪብቶው በመካከላቸው አለ። "እማማ፣ ካርዱን ምን ያስወጣዎታል? ተዉት" አለ እየሳቀ። "እኔ እንደሁ ባሸንፍም ብሸነፍም ወደ ቤቴ ነኝ። ለቅቄልዎታለሁ።"

"ብንጫወት ምን አለ?" አሉ እትዬ ጃንጥላ፣ ለወጉ ያህል።

"ድንገት ካርዱ ቀንቶኝ ባሸንፍዎትስ? ልጅዎ ቤት የምታስገባኝ ይመስልዎታል? በረንዳ ላይ ነው የማድረው።"

ሳቁ። ሳቁና ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! እጃቸውን ዘርግተው የልጁን እጅ ያዙ። ያኔ አመላቸው መጣ። አስበው አይደለም፤ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሰው ድንገት እንደሚያስነጥሰው ነው። "ተባረክ ልጄ" አሉት። "በቃ የፊታችን ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ፤ እናንተ ወጣ ብላችሁ ተናፈሱ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለ እሱም።

ወንጀሉ እንግዲህ ይኼ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ሰምቶ "ይህን የመሰለ አማትና አማች!" ብሎ የሚመርቃቸው ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንዷ ለመልቀቁ በምትኩ የሁለት ቀን ሞግዚትነት ሰጠች፣ ሌላው አመስግኖ ተቀበለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ደርቀው ቀሩ።

ዳኛዋ ከጀርባቸው ነበረች። "አንዴ እጃችሁን ከጠረጴዛው ላይ አንሱልኝ" አለች በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ። "ስለ ልጆቹ የተባለውን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት የተባለውን አልሰማሁም። ለየብቻ እጠይቃችኋለሁ።" ከዚያም አማችየውን ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጥግ ወሰደችው።

እትዬ ጃንጥላ ብቻቸውን ቀሩ። መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው፣ በራሳቸው ላይ። "ምናለ ይህን አፌን ብዘጋው! ምናለ አንድ ቀን ቢያሳክከኝ!" እያሉ ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ግን ማሽኑ ጋ የልጁ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ። ይህ ልጅ ጮክ ብሎ የሚያወራ አይደለም፤ ሆን ብሎ እሳቸው እንዲሰሙት ነው። "ስለ መልቀቅ የተነሳ ነገር የለም" ይላል። "ስለ ልጆቹ ነው ስናወራ የነበረው። ጨዋታውን ልንጫወት ነው።"

ቀና ብለው አዩት። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲዋሽ ያዩ ሴት ናቸው፤ እንደዚህ ያለ ደካማ ውሸታም ግን አይተው አያውቁም። የዋሸው ደግሞ ለራሱ አይደለም። እሱ ምን ይቀርበታል? ቢያምን የሚቀጣው ዛሬን ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቀድሞውኑ አልቆበታል። የዋሸው ለእሳቸው ነው። አሁን እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ ግን ልጁ ዳኛ ፊት የዋሸ ይሆናል። አንድ ዓመት። ሳምንቱን ሙሉ ጨለማ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው፣ ቅዳሜ እዚህ ሲመጣ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። እሱም እንደ ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ሊቆም ነው።

ቀላሉ መንገድ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። "እሱ እንዳለው ነው" ማለት ብቻ። የሚመሰክርባቸው የለም። ከዚያ ካርድ ያወጣሉ፣ ልጁ እያወቀ ይሸነፍላቸዋል፣ እሳቸው ስምንተኛ ይሆናሉ። አራት ቃል ሳትሞላ አዳራሹ፣ ወንበሩ፣ ስማቸው። ፈለጉት። እንዴት አድርገው እንደፈለጉት እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ያችን አንዲት ነገር በሕይወታቸው እንደዚያች ደቂቃ ፈልገዋት አያውቁም። ደግሞም በመስኮቱ ወዲያ በኩል ቆሞ "የኔ ነው" ሲል የኖረው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ያ ሁሉ ሰው ክፉ አልነበረም፣ ዕቃውን ፈልጎ ነው።

ዳኛዋ ወደ እሳቸው መጣች። "እሺ እትዬ" አለች። "እርስዎ ደግሞ ይንገሩኝ..."

"ቆይ አንዴ" አሉ። "መጀመሪያ ይቺን ልጻፍ።"

እስክሪብቶውን አነሱ። በወረቀቱ ላይ ከአማቻቸው ስም ትይዩ ሁለት፣ ከራሳቸው ስም ትይዩ ዜሮ ጻፉ። ፈረሙ። ዜሮዋን እንዲያውም አሳምረው ነው የጻፏት። ወረቀቱን ወደ ዳኛዋ ገፉት።

"እኔ ለቅቄለታለሁ" አሉ። "ምንም አልሰጠኝም፣ ምንም አልጠብቅም። አሁን የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ የምትጠይቂኝን ሁሉ በእውነት ነው የምመልስልሽ። መዋሸት አልችልም፣ እንደምታውቂው።"

ዳኛዋ ወረቀቱን አየች። የእሳቸውን ፊት አየች። ከዚያ ዞር ብላ ማሽኑ ጋ የቆመውን፣ ጆሮው የቀላውን ሰውዬ አየች። ሰው አፉን ከፍቶ ስቃዩን ሲደብቅ ስታይ የምትውል ሴት ናት፤ ሁሉም ነገር እንደገባት ግልጽ ነበር። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ካርድ ይደባለቃል፣ አንዱ ይስቃል።

"ጉቦ ሲባል ያተረፈ ሰው ያስፈልገዋል" አለች በመጨረሻ። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያተረፈ ሰው አይታየኝም። የምጠይቀውም የለኝም።" ወረቀቱን አንስታ ሄደች። ደንቡ ይህንን ይፈቅዳል ወይ ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ፤ ደንብ አዋቂዎች ይከራከሩበት። እሷ እንደዚያ ወሰነች፤ ወረቀቱም ገባ።

አማችየው እየሮጠ መጣ። "እማማ፣ ምን ሆነው ነው? ምን አደረጉ? አልቆልን እኮ ነበር!"

"ተቀመጥና ድምፅህን ቀንስ" አሉት። "ለዛሬ የተናገርነው ይበቃናል።"

ውጤቱ ተነበበ። ስምንተኛ የወጣው አንድ ቀጭን ተማሪ ነው፤ ስሙን ሲሰማ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነስቶ የደብተሩን ካርቶን ናደው። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ጃንጥላም አጨበጨቡ፤ ከልባቸው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ለማጨብጨብ ያህል አጨበጨቡ። ካርዶቻቸውን ሰብስበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለዳኛዋ ደህና ዋዪ ብለው ወጡ።

አውቶቡስ ላይ አማትና አማች ጎን ለጎን ተቀመጡ። በአራተኛው ፌርማታ ላይ ልጁ ጫማውን እያየ፣ "ይቆጭዎታል አይደል?" አለ።

"ይቆጨኛል እንጂ!" አሉ። "ድንጋይ መሰልኩህ? ዘጠኝ ዓመት ነው። ስሜን ሊጠሩት ነበር። ዛሬ ማታ ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ ባሌ ምን ሆነሽ ሲለኝ ምን እንደምለው አላውቅም።"

"እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው የዋሸሁት።"

"አውቃለሁ። ለኔ ብለህ ባትዋሽማ እውነቱን ተናግሬ አርፌ እተኛ ነበር።" በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። "ደግሞ ውሸት አትችልም። ሁለተኛ እንዳትሞክር፤ ጆሮህ የትራፊክ መብራት ነው የሚመስለው።"

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። "የሚመጣው ዓመት እንደገና ሰባተኛው ዙር ላይ ከደረስን፣ ዝም ብዬ ነው የምለቅልዎት። አንዲት ቃል ሳንናገር።"

"አትለቅልኝም!" አሉ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩዋቸው ድረስ ነው ድምፃቸው የወጣው። "አትለቅልኝም፣ ሰምተሃል? ትጫወታለህ። ስልሳውንም ካርድ አውጥተህ ትጫወታለህ፤ እኔም አንገትህን ይዤ አሸንፍሃለሁ። የተለቀቀልኝን ቦታ ይዤማ ባልፍ፣ አዳራሹ ውስጥ ስሜ ሲጠራ አቤት የምለው በምን አፌ ነው?"

"እሺ" አለ። "እጫወትዎታለሁ።"

አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። እትዬ ጃንጥላ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ "ቅዳሜ ልጆቹን ግን አምጣቸው" አሉ።

አማችየው ደንግጦ ግራ ቀኙን አየ፤ ዳኛዋ አውቶቡሱ ውስጥ ያለች መስሎት ነው። "ለምን?" አለ በሹክሹክታ።

"ለምንም፤ እንዲሁ በነፃ" አሉ።

እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ሊል አፉን ከፈተ፤ አሰበበትና መልሶ ዘጋው። እትዬ ጃንጥላ ያን ጊዜ እንባቸው መጣ። በመዳፋቸው ጠረጉትና ለመውረድ ተነሱ።